«ቀጣይ!» ከማለታችን በፊት

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ውጪ የጅቡቲ ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ አርባ ዲግሪን ካለፈ ቆይቷል። በመስኮቱ ፊት ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ከመስኮቱ ወዲህ የተቀመጠው ወጣት ከጧት ጀምሮ ውኃ እንኳን በወጉ አልጠጣም። አንዲት እናት ቀረብ ብለው «ያንን ነገር ላስተካክል ብዬ ነበር» ይሉታል።

«የቱን ነገር እማማ?»

«ያንን ያለፈውን ነዋ።»

«ያለፈውን የቱን?»

«እንዴ ልጄ! እዚሁ አይደል እንዴ የሰጠሁህ?»

ወጣቱ ይተነፍሳል። ከኋላ ያለው ሾፌር ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። አለቃው ከውስጥ በኩል አንገቱን ብቅ አድርጎ ሰልፉን ያያል። ወጣቱም ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን ቃል ያወጣታል፤ «ቀጣይ!»

የዛሬው ርዕሳችን ይህች ቃል ናት። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ ከተማ በስልክ ሱቅ፣ በገንዘብ መላኪያ፣ በትራንዚት ቢሮ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያና በመሳሰሉት ሰው በሚስተናገድባቸው ቦታዎች የሚሠሩ ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብትን ካረጋገጠ ወዲህ ደግሞ ከካምፕ ወጥተው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ በየዕለቱ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ የምንቆም ነን። ስለዚህ ጉዳዩ የሁለቱም ወገን ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዓመታት በፊት ከእኛ አንዱ በዚሁ ከተማ በአንድ የገንዘብ መላኪያ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን በሰው ቤት ሠርታ የምታድር እህት መጣችና «መልስ አልሰጣችሁኝም» አለችው። ባልደረባችን የከፈለችበትን ደረሰኝ አገላብጦ አየ። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የተረፈ ሳንቲም የለም። «መልስሽን ወስደሻል» አላት። «አልወሰድኩም» አለች። «ወስደሻል እኮ፣ ደረሰኙ ይኸው!» «እኔ ምንም መልስ አልተሰጠኝም!» ድምፅ ከፍ አለ። እሱ ሌባ የተባለ መሰለው፤ እሷ ውሸታም የተባለች መሰላት። እያለቀሰች ወጣች፤ እሱም «ቀጣይ!» አለ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ጓደኛዋን አስከትላ ተመለሰች። ለካ ስትጠይቅ የነበረው የሳንቲም መልስ አልነበረም። አገር ቤት ያለው ወንድሟ ገንዘቡን ሊወስድ ባንክ ሄዶ «ስምህ ከመታወቂያህ ጋር አይገጥምም» ተብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። እሷም በስልክ ቤት «ምን ይሻላል?» ብላ ጠይቃ መልስ ስትጠብቅ ነበር። ስህተቱ አንዲት ፊደል ነበረች። ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ገንዘቡ ግን ለታመመች እናቷ መድኃኒት መግዣ ነበርና በአንዲት ቃል ምክንያት አራት ቀን ቆመ። እናትየዋ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፉ። ባልደረባችን ግን እስከ ዛሬ «መልስ» የሚለውን ቃል በሰማ ቁጥር ፊቱ ይለወጣል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም ነበር። በቋንቋችን «መልስ» የጥያቄ ምላሽም ነው፣ ተራፊ ገንዘብም ነው፣ ከሠርግ በኋላ የሚደገሰው ድግስም ነው። በአንድ ቋንቋ እንዲህ ከተምታታን፣ መንግሥቱ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ በሚሠራበት፣ ሕዝቡ ሶማልኛና አፋርኛ በሚነጋገርበት፣ እኛ ደግሞ አማርኛችንንና ኦሮምኛችንን ይዘን በመጣንበት ከተማ ምን ያህል ልንምታታ እንደምንችል መገመት አያዳግትም።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የተምታታ ጥያቄ ይዞ የመጣ ደንበኛ ሞኝ ወይም ነገረኛ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ብዙውን ጊዜ ሰውየው የሚፈልገውን አሳምሮ ያውቃል፤ የጎደለው የእኛ ቢሮ የሚጠቀምበት ስም ነው። ያንን ስም ማግኘት ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለን የእኛ ሥራ እንጂ የእሱ አይደለም።

እስቲ መምታቻዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ሁሉም የምታውቋቸው ናቸው።

አንደኛው ሰዓት ነው። በፈረንሳይኛ «ስምንት ሰዓት ኑ» የተባለ ሰው በእኛ አቆጣጠር የተጠራው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቃል በቃል ተርጉሞ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ቢመጣ ስድስት ሰዓት ዘግይቷል፤ ያውም ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በሩን በዘጋበት ሰዓት። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሊሳፈር የመጣ ሰው እንዲህ ቢሳሳት ባቡሩ አይጠብቀውም። የሳምንቱ ቀናትም እንደዚያው ናቸው። «በሳምንቱ መጀመሪያ ተመለስ» የተባለ የአዲስ አበባ ሰው ሰኞን ያስባል። እዚህ ግን ዓርብ ዝግ ነው፣ እሑድ የሥራ ቀን ነው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በመታወቂያው ላይ «5/1/1992» የሚል የልደት ቀን ያለው ልጅ የተወለደው መስከረም 5 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1999 መሆኑ ነው። ጸሐፊው «ጃንዩዋሪ 5 ቀን 1992» ብሎ ከገለበጠው ልጁን በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አስረጀው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፓስፖርቱ አንድ ይላል፣ ፎርሙ ሌላ ይላል። ልጁ በየቢሮው «ዕድሜዬን መልሱልኝ» እያለ ሲዞር ደግሞ የሚያስተናግዱት «ምን ነካው?» ይላሉ።

ሦስተኛው ስም ነው። በፈረንሳይኛው ፎርም ላይ «ኖም» የሚለው የቤተሰብ ስም ሲሆን «ፕሬኖም» የሚለው ደግሞ የራስ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም በ«ኖም» ላይ ይጽፋል፣ ሌላው የአያትን፤ ሦስተኛው ሁሉንም አንድ ላይ ያጭቃል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ባሰ። ፀሐይ የምትባል እህት አንዱ በ«ቲ» ይጀምርላታል፣ ሌላው በ«ኤስ»። ባንኩም ሆነ ገንዘብ መላኪያው «ይህች ሌላ ሰው ናት» ይላል። ምን ታድርግ? «ስሜን ቀየሩብኝ» ብላ ትመጣለች። ሰሚው ስሟን በፍርድ ቤት ማስቀየር የፈለገች መስሎት ወደማይመለከታት ቢሮ ይልካታል።

አራተኛው ገንዘብ ነው። እኛ የየትኛውንም አገር ገንዘብ «ብር» ማለት ልማዳችን ነው። «አሥር ሺህ ብር ላክልኝ» የሚለው ደንበኛ በእጁ የያዘው የጅቡቲ ፍራንክ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ እንዲደርስለት የሚፈልገው ደግሞ የኢትዮጵያ ብር ሊሆን ይችላል። «የቱን ብር?» ብሎ አለመጠየቅ የሰው ወር ደመወዝ ላይ መቀለድ ነው።

አምስተኛው ስልክ ነው። አገር ቤት «09» ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ከዚህ ሲደወል 00251 ካሉ በኋላ ዜሮዋ ትቀራለች። ይህንን ያልነገሩት ሰው ዜሮዋን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ አልገባ ሲለው «ካርዱ በላኝ፣ ብሬን መልሱ» ብሎ ይመጣል። ችግሩ ካርዱ ላይ አልነበረም። 251 የኢትዮጵያ፣ 253 የጅቡቲ መሆናቸውንም አንርሳ። በአንዲት ቁጥር ልዩነት ሰው እናቱን ፈልጎ የማያውቀውን የባልባላ ነዋሪ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል።

እንግዲህ ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱም ቢሆን የደንበኛው ማነስ ያመጣው አይደለም። ሁለት አቆጣጠር፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት የስም ልማድና ሁለት ገንዘብ በአንድ መስኮት ላይ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ይህን ያወቀ ሠራተኛ አይናደድም፤ የሚጠይቀውን ያውቃል።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው አባባል በየሱቁ ተለጥፎ እናያለን። እውነት ነው እንበል። ግን ንጉሥም ቢሆን ቃሉ ሲተረጎም ይጎዳል። ዛሬ የጁን 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) አደባባይ የሚባለው የዚህ ከተማ መካከለኛ ቦታ ቀድሞ «ፕላስ ሜኔሊክ» ይባል ነበር፤ ብዙ ሰው አሁንም በዚሁ ስሙ ይጠራዋል። አፄ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙት የውጫሌ ውል ሁለት ቅጂ ነበረው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ ቢፈልጉ በጣሊያን መንግሥት በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክም ለአውሮፓ ነገሥታት የጻፉት ደብዳቤ «በጣሊያን በኩል አድርጉት» የሚል መልስ ሲመጣበት ነገሩን ተረዱት። መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሆነ።

በርግጥ ያ ተንኮልም ነበረበት፤ በየመስኮታችን ያለው ግን አብዛኛው ቅን ስህተት ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ሁለት ሰዎች ፈርመውና ተጨባብጠው ሲለያዩ አንድ ነገር የተስማሙ ይመስላቸዋል። በእያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ ያለው ግን ሌላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ማንበብ የሚያስፈልገው ከመለያየት በፊት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሌላ ቃላችን እንናገር፤ ስለ «እሺ»። እሺ ስንል «አደርገዋለሁ» ማለታችን ነው? «ሰማሁህ» ማለታችን ነው? ወይስ «አሁን ተወኝ» ማለታችን? ሦስቱንም ነው። ደንበኛው «ነገ ይደርሳል አይደል?» ሲል ሠራተኛው ሰውየውን ለመሸኘት «እሺ፣ እሺ» ይላል። ደንበኛው ግን ቃል እንደተገባለት ቆጥሮ ይሄዳል። በማግሥቱ ጠብ ይነሳል። ሠራተኛው «ማን ነገ ይደርሳል አለህ?» ይላል፤ ደንበኛው «አንተው!» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማርች 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፍ፣ ሁለት ትልልቅ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተላትመው 583 ሰዎች አልቀዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የቃል መምታታት ነበር። የአንደኛው አውሮፕላን አብራሪዎች ለመነሳት እየተንደረደሩ መሆናቸውን ግልጽ ባልሆነ አነጋገር ሲናገሩ ከማማው «ኦኬ» የሚል ቃል ተሰማቸው። «ጠብቁ» የሚለው ቀጣዩ ንግግር ግን በሬድዮ መደራረብ ተውጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአቪዬሽን ዓለም የቃላቱ አጠቃቀም ጠበቀ። ትእዛዝ የተቀበለ አብራሪ በ«ኦኬ» ብቻ አያልፍም፤ የሰማውን ቃል መልሶ ይደግመዋል፤ ማማውም አዳምጦ ልክ መሆኑን ያረጋግጣል። የኦኬ ታናሽ ወንድም ደግሞ የእኛ «እሺ» ነው።

ወደ ወደባችን እንመለስ። በዶራሌ ወደብ የሚሠሩ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት እያንዳንዱ ኮንቴይነር አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል። የመጨረሻዋ ሰባተኛ ቁጥር መፈተሻ ናት። ከፊተኞቹ ፊደሎችና ቁጥሮች በስሌት የምትወጣ ስለሆነች፣ አንድ ሰው ከመካከል አንዲቱን አሳስቶ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ «አይገጥምም» ብሎ ይመልሳል። ብረት ሳጥን እንኳን ስህተት እንዳይሠራበት መፈተሻ ተሰጥቶታል! ሰው ግን በግንባሩ ላይ መፈተሻ ቁጥር የለውም። የሰው መፈተሻው የተናገረውን መልሶ መድገም ነው።

በዚሁ በወደቡ ሥራ የተምታታ ጥያቄ ስንት እንደሚያስከፍል ትራንዚተሮቻችን ይመስክሩ። ኢትዮጵያ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አብዛኛውን የወጪና ገቢ ንግዷን የምታሳልፈው በጅቡቲ ነው። ከፒኬ 12 የመጣ ሾፌር ወይም ከአዲስ አበባ የደወለ ነጋዴ «ዕቃዬ ታስሯል» ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? ከመርከብ አልወረደም ማለት ሊሆን ይችላል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ አላለቀም ማለትም ሊሆን ይችላል። የወደቡ ክፍያ አልተከፈለም፣ የመርከብ ድርጅቱ የመልቀቂያ ወረቀት አልሰጠም፣ ወይም ሁሉም አልቆ የሚጭነው መኪና አልተመደበም ማለትም ይሆናል። አምስቱም «ታስሯል» ይባላሉ። የቢሮው ሠራተኛ አንዱን ብቻ ገምቶ ሲሯሯጥ ነፃው ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ዲመሬጁ በየቀኑ ይቆጥራል። የሚከፍለው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ በመጨረሻ ሳሙናውንና ዘይቱን የምንገዛው ሁላችን ነን።

ከገንዘብ የሚከብድ ነገርም አለ። በዚህች አገር አቋርጠው በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገሩ የሚመጡ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። በጃንዩዋሪ 2019 በኦቦክ አካባቢ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ማለቃቸው ይታወሳል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ በመንገዱ ላይ ወደ አንድ የስልክ ሱቅ ገብቶ «ወደ ቤት ነበር» ቢል፣ መደወል ነው የፈለገው ወይስ መመለስ? ምናልባት ራሱም አልወሰነ ይሆናል። «ቀጣይ!» ቢባል ይወጣል፤ ከበሩ ውጪ የሚጠብቀው ደላላ ደግሞ በትዕግሥት ያዳምጠዋል። «ወንድሜ፣ መደወል ነው ወይስ መመለስ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ቢያገኝ ግን፣ በኦቦክ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉትን የሚረዳ ማዕከል እንዳለው ሊሰማ ይችላል። መስኮቱ ያልሰማውን ሰው የሚሰማው ደላላ ነው፤ ይህን አንርሳ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ሥልጠና የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ፣ ደንበኛው ስለ ወረቀቱ ሲናገር ስለ ወረቀቱ ብቻ አንጠይቀው። «ምን እንዲሆንልዎት ነው የፈለጉት?» እንበለው። ያቺ እህት ይህን ተጠይቃ ቢሆን «ወንድሜ ገንዘቡን እንዲወስድ» ትል ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ሰው የቢሮውን ቋንቋ ባያውቅም ጉዳዩን ያውቃል።

ሁለተኛ፣ የሰማነውን በራሳችን ቃል እንድገምለት። «እናቴ፣ እንደገባኝ ከሆነ ማክሰኞ የላኩት ገንዘብ የተቀባዩ ስም ተሳስቶ አልወጣም፤ እርስዎም ስሙ እንዲስተካከል ነው የፈለጉት። ልክ ነኝ?» ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው። ልክ ካልሆንን እዚያው ያርሙናል። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ አይረዳም፤ ሐበሻ «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስለዋልና ባይገባውም «ገባኝ» ይላል። ይልቁንስ «እስቲ ነገ ይዘው የሚመጡትን ይንገሩኝ» ብንል መረዳታቸውን እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ቁጥር፣ ስምና ቀን በአፍ ብቻ አይተላለፍ። በወረቀት ጽፈን ለደንበኛው እናሳየው፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብለን እናንብብለት። ሰዓት ስንጽፍ «በጅቡቲ ሰዓት 8፤ በሐበሻ ጧት 2» ብለን ሁለቱንም እንጻፍ። የምሥጢር ቁጥርን የመሰለ ነገር ግን ጮክ ተብሎ አይነበብም፤ ከሰልፉ መካከል በተጠራ አስተርጓሚ በኩልም አያልፍም።

አራተኛ፣ የማይቻለውን «አይቻልም» እንበል፤ ምክንያቱንና የሚቻልበትን ቦታ ጨምረን። «ነገ ይመለሱ» ማለት ቀላል ናት። ከአሊ አዴ ወይም ከሆል ሆል ለመጣ ሰው ግን ነገ ማለት ሌላ የመኪና ሒሳብ፣ ሌላ ማደሪያ፣ ሌላ የጠፋ የሥራ ቀን ነው። ነገም የማይሆን ከሆነ ዛሬውኑ ይወቀው።

ይህን ስንል የሠራተኛውን ችግር ዘንግተን አይደለም። ከመስኮቱ ወዲህ መቀመጥ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሙቀቱ አለ፣ መብራት ይቋረጣል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስድብ የሚሰድብ ደንበኛም አለ። ሰድቦ የመጣን ሰው «ጋሼ፣ ልረዳዎት ነው የምፈልገው፤ በቀስታ ይንገሩኝ» ማለት ይቻላል። ከዚያ አልፎ እጁን ለሚያነሳ ደግሞ ንጉሥም ቢሆን በሩ ይታየዋል። ሠራተኛውም ሰው ነው።

ለአሠሪዎች የምንለው አለን። አብዛኞቻችሁ በቀኑ መጨረሻ የምትቆጥሩት «ስንት ሰው ተስተናገደ?» የሚለውን ነው። ከነዚያ መካከል ስንቱ ለዚያው ጉዳይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የመጣ እንደሆነስ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ሦስቴ የተመለሰ ሰው በመዝገባችሁ ሦስት ደንበኛ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አንድ ያልተሰማ ሰው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለሠራተኛው ሁለት ደቂቃ ብትጨምሩለት ሰልፉ የሚያጥር እንጂ የሚረዝም አይሆንም። በግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓት መስቀል፣ ፎርሙ እንዴት እንደሚሞላ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ አንድ ገጽ መለጠፍም ብዙ ወጪ የለውም።

እኛ ደንበኞችም ድርሻ አለን። መስኮት ጋ ስንደርስ ታሪኩን ከአምናው ከመጀመር የምንፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመን እንናገር፤ ታሪኩ ሲጠየቅ ይመጣል። ደረሰኝ አንጣል። ቀን ስንናገር «በሐበሻ» ወይም «በፈረንጅ» እንበል። ስማችን በፓስፖርታችን ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይዘን እንሂድ፤ ለሚቀበለንም ሰው ያንኑ እንላክለት። ካልገባን ደግሞ «አልገባኝም» እንበል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ?

ወደ ኋላ ዞር ብለን ብናይ፣ ይህች ከተማና አገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲነጋገሩ ኖረዋል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከዚህ ተነስቶ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲገባ ቃላትም አብረውት ተሳፍረዋል። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው ሲጠሩት የሰማ ያገሬ ሰው በጆሮው እንደመጣለት «ለገሃር» አለው፤ እስከ ዛሬም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ያኔ በጣቢያው ትኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ «እንዲህ አይባልም!» ብሎ ሰውን ሁሉ ቢመልስ ኖሮ ባቡሩ ባዶውን በሄደ ነበር።

እኚያ በሐምሌ ሙቀት መስኮቱ ፊት የቆሙ እናት «ያንን ነገር» ያሉት ምን እንደነበር ወጣቱ እስካሁን አያውቅም። የልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን ይችላል፣ የስልክ ካርድ ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ዓመት ጥሪት ሊሆን ይችላል። ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «እማማ፣ ምን እንዲሆንልዎት ነው?»

«ቀጣይ!» ከማለታችን በፊት ይህችን እንጠይቅ እንላለን።